ዳገት ላይ የሚሰጥ ሰላምታ

አጎቴን ሰፈሩ ውስጥ በስሙ የሚጠራው የለም። «ጋሼ እንዴት ናችሁ» ነው የሚሉት። ቤታችን ከዳገቱ ግርጌ ነው፤ ዋናው መንገድ ደግሞ ከአናቱ። አጎቴ ጠዋት ጠዋት በዕድሜ እኔን የምትበልጠውን ነጭ መኪናውን አስነሥቶ ዳገቱን ሲወጣ፣ ያገኘውን ሰው ሁሉ ሰላም ሳይል አያልፍም። ሰላም ለማለት ይቆማል። ቆመ ማለት እንኳ ይከብዳል። በግራ እግሩ ፍሪሲዮኑን ግማሽ ረግጦ፣ በቀኙ ቤንዚን እየሰጠ፣ መኪናዋን አየር ላይ እንደቆመች ጭልፊት ያንሳፍፋታል።

«እንዴት ናችሁ? ቤተሰብ ደህና? ልጆች ደህና? ሁሉ ደህና?»

መልሱ ሳይመጣ ግራ እግሩን ለቀቅ ያደርግና ይፈተለካል። ከኋላው የተቃጠለ ነገር ሽታ ይቀራል። የሰፈሩ ሰው ሽታውን ከሰላምታው ጋር አብሮ ለምዶታል።

አንድ ቀን ከጎኑ ተቀምጬ፣ «ጋሼ፣ የእጅ ፍሬን ለምን አትስብም?» አልኩት።

«አንቺ ልጅ፣ የእጅ ፍሬን ከሳብኩ ቆምኩ ማለት እኮ ነው። ከቆምኩ ደግሞ ሰው ችግሩን ይነግረኛል።»

አጎቴ የሰፈሩ ኮሚቴ ሊቀመንበር ነበር። ዘጠኝ ዓመት ወንበሩን ያስጠበቀችለት ይህችው ግራ እግሩ ናት። ዘንድሮ ግን ተፎካካሪ ተነሣበት፤ ጡረታ የወጡ ርዕሰ መምህር። መኪና የላቸውም። በእግራቸው ሲሄዱ ሰው ካገኙ ጥላ ፈልገው ይቆማሉ፤ ከዚያ ማን ያላቅቃቸዋል! አጎቴ ይህን ሲያይ ሰላምታውን በእጥፍ ጨመረ። ዳገቱን ወጥቶ ይጨርስና ዕቃ የረሳ መስሎ ይመለሳል፤ እንደገና ይወጣል።

ምርጫው ሦስት ቀን ሲቀረው የፍሪሲዮኑ ፔዳል እንደተረገጠ ወለሉ ላይ ቀረ። መኪናዋ በገመድ ተጎትታ ጋራዥ ገባች።

መካኒኩ ኮፈኑን ከፍቶ ከትንሿ የዘይት ዕቃ በጣቱ ጠቅሶ አሳየን። አዲሱ ዘይት ማር ይመስላል፤ የእኛው ጥላሸት የተበጠበጠበት ውሃ ነው።

«መቼ ነው የተቀየረው?»

«ይቀየራል እንዴ?» አለ አጎቴ። «ሲጎድል እሞላለሁ እንጂ።»

«ጋሼ፣ ይሄ ዘይት እርጥበት ይጠጣል። ሲያረጅ ፔዳሉን የሚገፉትን ትንንሽ የውስጥ ጎማዎች ይበላል፤ ከዚያ ያፈሳል፣ አየር ይገባል። ይኸው።»

ያረጁትን ትንንሽ ጎማዎች ቀየረና እኔን መሪው ጋ አስቀመጠኝ። ራሱ ከሥር ተኝቶ «ርገጪ!» ይላል። «ያዢ!» ይላል። ቆየት ብሎ «ልቀቂ!» ይላል። አየሩ እየተንጣጣ ወጣ፤ ጥቁሩ አልቆ ማር የመሰለው ሲመጣ ፔዳሉ ከእግሬ ሥር ጠንከር አለ። አጎቴ ሞከረውና ፊቱ በራ።

«ዳነች!»

«ዘይቱን ቀየርኩልዎ እንጂ እግርዎን አልቀየርኩም» አለ መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ነድቻት አየሁ። ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው አይሰማም። የፍሪሲዮኑ ሸራ ተበልቶ አልቋል። ሌላ እስካገኝልዎ ዳገት ላይ ተንጠልጥለው ሰው ካነጋገሩ መኪናዋ እሁድን አታይም።»

«እሁድ እኮ ነው ምርጫው!»

«እንግዲያው ወይ ዝም ብለው ይለፉ፣ ወይ የእጅ ፍሬን ይሳቡ።»

ምርጫው የሚካሄድበት አዳራሽ ከዳገቱ አናት ነው። እሁድ ጠዋት መራጩ ሁሉ በዚያው መንገድ ይወጣ ነበር። እትዬ የምላት ሚስቱ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ተቀምጠናል።

«አንተ ሰውዬ፣ መካኒኩ ያለህን እንዳትረሳ» አለችው።

«አንዴ ብቻ።»

ጫማ ጠጋኙ ጋ አንዴ ብቻ፤ ዳቦ ሻጩ ጋ አንዴ ብቻ። ልብስ ሰፊዋ ጋ ስንደርስ ሞተሩ አጓራ፤ መኪናዋ ግን ወደ ኋላ መንሸራተት ጀመረች። አጎቴ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳገቱ ላይ የእጅ ፍሬን ሳበ።

ልብስ ሰፊዋ ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለች።

«እንዴት ነሽ? ልጆች ደህና?» አለ፣ አፉ ለምዶበት።

«የትኞቹ ልጆች? እኔ እኮ አልወለድኩም! ዘጠኝ ዓመት ልነግርዎ አፌን ስከፍት እርስዎ የሉም።»

ዳቦ ሻጩም ከታች እየሮጠ ደረሰ። «ጋሼ፣ ከቆሙ አይቀር... ደጃፌ ላይ የፈነዳው ቧንቧ ሁለት ዓመቱ ነው። ‹ሁሉ ደህና?› ሲሉኝ ‹ቧንቧው› እላለሁ፣ ጭስ እውጣለሁ።»

አጎቴ መሪውን አጥብቆ ጨበጠ። እትዬ ወርዳ ቧንቧውን ልታይ ሄደች፤ ስትመለስ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ጭቃ ነበር። መኪናዋን ወደ ዳር ገፍተን በእግራችን ወጣን።

አዳራሹ ውስጥ እትዬ ወረቀቷ ላይ ስትጽፍ ከጎኗ ነበርኩ። አየችኝ፤ አየኋት፤ ወረቀቷን አጠፈች።

አጎቴ በአንድ ድምፅ ብልጫ ተሸነፈ።

መካኒኩ ሸራ አግኝቶ ገጠመላት። ከዚያ ወዲህ አጎቴ ዳገቱ ላይ ሰው ባየ ቁጥር የእጅ ፍሬን ይስባል፤ ሞተር ያጠፋል፤ ይወርዳል።

«ያቺን አንድ ድምፅ የነፈገኝ ማን ይመስልሃል?»

ብሎ መልሱን ይጠብቃል። ሰው ደግሞ ወደ መልሱ ከመድረሱ በፊት ስለ ቧንቧው፣ ስለ ወገቡ፣ ስለ አማቱ ያወራል። አጎቴ ፍንጭ ያመልጠኛል ብሎ ሁሉንም ይሰማል።

በስድስተኛው ወር መካኒኩ ፈትሿት ተገረመ። «ፔዳሉ ልክ ነው፤ ዘይቱም ገና ማር ነው፤ የሚቃጠል ሽታ የለም። ምን አደረጉ?»

«አጣራለሁ» አለ አጎቴ።

ወደ ቤት ስንመለስ ለእትዬ፣ «ዳገቱ ላይ ያልጠየቅሁት ሰው የለም። አንቺስ ማንን ትጠረጥሪያለሽ?» አላት።

እትዬ በመኪናዋ መስኮት ወደ ውጭ ታይ ነበር። የዳቦ ሻጩ ደጃፍ ደርቋል።

«ከላይ ጀምረህ ድገማቸው» አለችው።