አባቴ ቦት ጫማቸውን ያወለቁ ቀን

ቅዱሳን፣ ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። መጋቢያችን «አምስት ደቂቃ» ብለው ነው ማይኩን የሰጡኝ። እኔን ታውቁኛላችሁ፣ አምስት ደቂቃ ጉሮሮዬን ለመጥረግም አይበቃኝም። ግን ጌታ ያደረገልኝን በሆዴ ይዤ መቀመጥ ስላልቻልኩ ልመሰክር ወጣሁ። ስሙ ይባረክ።

ለማታውቁኝ፣ ገመቹ እባላለሁ። እዚሁ ቡራዩ ብየዳ ቤት አለኝ፣ የግቢ በር እሠራለሁ። ጌታን ሳላውቅ ጠጪና ተደባዳቢ ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ ሰባኪ ስለ ገሃነም ሲናገር ሰማሁና እየተንቀጠቀጥኩ ዳንኩ። ሃሌ ሉያ። ዛሬ የምመሰክረው ግን ስለዚያ ቀን አይደለም። ካመንኩ በኋላ ጌታ ምን ውስጥ እንዳገኘኝ ነው።

ወገኖቼ፣ እኔ ፈርቼ ስለዳንኩ ሰው ሁሉ ፈርቶ እንዲድን ፈለግኩ። ብየዳ ቤቴ በር ላይ ቀኑን ሙሉ ስብከት የሚጮህበት ሞንታርቦ ሰቀልኩ። ሚኒባስ ውስጥ ገና በሩ ሳይዘጋ «ዛሬ ብትሞቱ የት ትገባላችሁ?» እላለሁ። አንዲት እናት «እኔስ ልጄ፣ አስኮ ነው የምወርደው» ብለውኛል። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ተናደድኩና እሳቸውንም በልቤ ገሃነም ከተትኳቸው።

ታላቅ ወንድሜ ቶላ ሱሉልታ ያስተምራል። ጌታን ያመነው እንዲያውም ከእኔ በፊት ነው። አንድ የበዓል ቀን ሰበታ አባታችን ቤት ተሰብስበን ስንበላ፣ «ገሜ፣ እኔ እግዚአብሔር በመጨረሻ አንድም ሰው አይጥልም ብዬ አምናለሁ። ፍርዱ ያጠራል እንጂ ለዘላለም አያቃጥልም» አለኝ።

«ታዲያ ጌታ ለምን ሞተ?» አልኩት።

«ሁሉን ሊያድን ነዋ» አለኝ።

እኔ ጥቅስ ጠቀስኩ፣ እሱም ጠቀሰ። ወጡ በረደ። አባታችን ኦቦ ነገራ የቤተ ክርስቲያን ደጅ ረግጠው የማያውቁ ገበሬ ናቸው፤ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን እያዩ ብቻቸውን በሉ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የቶላን ስልክ ማንሳት አቆምኩ። አባታችን ጋ የምንሄደው በየተራ ሆነ። እሱ ካለ እኔ አልገባም።

ረቡዕ ከሰዓት በጸሎት ፕሮግራማችን ያልዳኑ ዘመዶቻችንን ስም ጽፈን ቅርጫት ውስጥ እንደምንጥል ታውቃላችሁ። እኔ ጀግናው የማንን ስም ብጽፍ ጥሩ ነው? የገዛ ወንድሜን። ከእኔ በፊት ጌታን ያመነ ሰው ቢሆንም ጻፍኩት።

አንድ ረቡዕ እህት አስቴር ወረቀቴን አውጥታ አነበበች። «ቶላ ነገራ፣ ሱሉልታ። ከስሕተት ትምህርትና ከገሃነም እሳት እንዲድን።» ከሁሉ በላይ ጮክ ብዬ «አሜን» አልኩ። ከኋላዬም ሌላ አሜን ተሰማ። ዞር ስል ወንድሜ ቆሟል።

«ቶላ እኔ ነኝ» አለ፣ ሳይቆጣ። «ጸልዩልኝ፣ እፈልገዋለሁ። አባታችንንም ጨምሩልኝ። ከእርሻ ቀርተዋል፣ ያነክሳሉ ብሎ ጎረቤት ደወለልኝ። ገመቹ ስልክ ስለማያነሳ ነው እዚህ ድረስ የመጣሁት።»

የነበራችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ሁላችሁም እኔን ነበር የምታዩት። ስንት ዓመት ስለ ጥልቁ ስሰብክ ኖሬ፣ ያን ቀን የምደበቅበት ጉድጓድ አጣሁ።

አብረን ሰበታ ሄድን። አባታችን በረንዳው ላይ የጎማ ቦት ጫማቸውን እንዳደረጉ ተቀምጠዋል። «አካም ጂርቱ፣ ደህና ናችሁ?» አሉን፣ ምንም እንዳልሆነ ሰው። ጫማዎን ያውልቁ ስንላቸው እምቢ አሉ። ተንበርክከን ቶላ ግራውን፣ እኔ ቀኙን ሳብን። ቀኙ ሲወጣ ሽታው መጣ። አውራ ጣታቸው ቆስሎ ጠቁሯል።

«አባዬ፣ ለምን አልነገሩንም?» አልኩ።

«አንተ መጥተህ ይቃጠላሉ አልከኝ» አሉ። «በሳምንቱ እሱ መጥቶ ግድ የለም፣ ሁሉም ይድናል አለኝ። ጫማዎን ላውልቅልዎ ያለኝ ግን የለም።»

ቅዱሳን፣ ልጆች ሳለን አባታችን ከእርሻ ሲገቡ ውሃ አሙቀን እግራቸውን የምናጥበው እኔና ቶላ ነበርን። አንዱን እግር እሱ፣ አንዱን እኔ። አዋቂዎች ከሆንን ወዲህ ተውነው። ብናጥባቸው ኖሮ ቁስሉን ገና ሲጀምር እናየው ነበር።

ሐኪሙ ስኳር እንዳለባቸው ነገረን። «ትንሽ ብትቆዩ እግራቸውን ከጉልበት በታች እቆርጠው ነበር። አሁን ጣታቸው ይሄዳል፣ እግራቸው ይተርፋል። ከእንግዲህ በየቀኑ እግራቸውን እያጠባችሁ እዩ» አለ። ተረፈላቸው። ጌታ ይመስገን።

ኮሪደሩ ላይ ቁጭ ብለን ስንጠብቅ ቶላ፣ «ሁሉም ይድናል እያልኩ ለአባቴ ስለ ኢየሱስ ቁጭ ብዬ ነግሬያቸው አላውቅም። ምን አስቸኮለኝ ብዬ» አለ። እኔም፣ «አባቴ ገሃነም ይገባሉ እያልኩ አንድ ቀን አልቅሼላቸው አላውቅም። እኔ የፈለግኩት አንተን ማሸነፍ ነው» አልኩት። አንገት ለአንገት ተቃቅፈን አለቀስን። ነርሷ ሰው የሞተብን መስሏት አጽናናችን። በእርግጥም የሆነ ነገር ሞቶልኛል፣ ስሙ ይባረክ።

ከዚያ ወዲህ በሌላው ቀን እየተፈራረቅን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ አብረን እናጥባቸዋለን። አንድ ቅዳሜ እግራቸው ውሃው ውስጥ እንዳለ፣ «አሁን እግሬን አይታችኋል። እስቲ ስለዚያ ጌታችሁ ንገሩኝ። በየተራ ግን፣ ሳትጣሉ» አሉ። በየተራ ነገርናቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙንና፣ «እንዲህ ከሆነማ እኔም እፈልገዋለሁ» አሉ። ሃሌ ሉያ። ያውና፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ ከቶላ አጠገብ ተቀምጠዋል። አባዬ፣ እጅዎን ያውጡላቸው።

በገሃነም ነገር እስከ ዛሬ አልተስማማንም። እኔ የዘላለም ፍርድ አለ እላለሁ። እሱ የጌታ ምሕረት ሁሉን ሳይሰበስብ አያርፍም ይላል። እያጠብን እንከራከራለን። ድምፃችን ከፍ ሲል አባታችን እግራቸውን ከውሃው ያወጣሉ፣ ያኔ ዝም እንላለን። ሞንታርቦውንም አውርጄዋለሁ፣ ለዚህ ጎረቤቶቼም ጌታን አመስግነዋል።

ወንድሞቼ፣ እህቶቼ፣ ስለምትወዱት ሰው መጨረሻ የምትጨነቁ ካላችሁ ለጌታ ስጡት። እሱ ይታመናል። ከእኔም ከቶላም ይልቅ አባቴን ይወዳቸው ነበር። ዛሬ ግን ቤት ስትገቡ እግሩን እዩለት።

አምስቱ ደቂቃ አልፏል፣ መጋቢ እያዩኝ ነው። አንድ ነገር ብቻ። ስገባ ቅርጫቱ ውስጥ ወረቀት ጥያለሁ። እህት አስቴር፣ ስታነቢው ድምፅሽን ከፍ አድርጊልኝ፤ የጻፍኩት የራሴን ስም ነው።