የሳንቶሪኒ ጥቁር አሸዋና ሰው ያስደነገጠው «አዎ»ዬ

ካናዳ፣ ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ባለው የጉዞ ቢሮ ሥራ የጀመርኩ ቀን አለቃዬ ሳልጠማ ውሃ አጠጣኝ። ስታቭሮስ ይባላል፤ ሆዱም ድምፁም ትልቅ የሆነ ግሪክ ነው። «ስልክ ማንሳት ትችያለሽ?» ሲለኝ እንደ አገሬ ሰው ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ «አዎ» አልኩት። እኛ እንዲህ ነን፤ «አዎ» ለማለት ቃል አናባክንም፣ አየሩን ሳብ ካደረግን የሰማ ይሰማል። ስታቭሮስ ግን ልቤ ቀጥ ያለ መስሎት ብርጭቆ ይዞ እየሮጠ መጣ። አፍሬ እስከ መጨረሻው ጠጣሁለት።

ጊዜው በፈረንጆቹ የሰማንያዎቹ አጋማሽ ነው። ከዚያ በፊት ሬክስዴል፣ ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ሆቴል ውስጥ አንሶላ አጥብ ነበር። ስታቭሮስ የቀጠረኝ ለዓይኔ ብሎ አይደለም። የካናዳ ወረቀቴን ግሪክ ተቀምጬ ስጠብቅ ሁለት የፈረንጅ በጋ ሳንቶሪኒ ደሴት ላይ የእንግዳ ክፍል አጽድቻለሁ፤ እሱ ደግሞ የዚያች ደሴት ልጅ ነው። በዚያ በተሰባበረ ግሪክኛዬ «እንደምን አደሩ» ስለው ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

ሳንቶሪኒን ለማያውቅ፦ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ መሐሏን ለባሕር የሰጠባት ደሴት ናት። አሸዋዋ ጥቁር ነው። ቀዩ ቢች በሚሉት የባሕር ዳርቻ ገደሉም ጠጠሩም ቀይ ይሆናል፤ ፖስተር ላይ የሚወጣውም እሱ ነው።

የቢሮው ማዕረግ እንዲህ ነበር። ጀማሪ ስልክ ያነሳል። ቀጥሎ ባንኮኒ ላይ ቆሞ ብሮሹር ያድላል። ከዚያ በላይ ዴስክ አለ፤ የአንድ አገር ጉዞ በሙሉ በእጅሽ የሚያልፍበት፣ ቲኬቱን በካርቦን የምትጽፊበት፣ ለሆቴሎቹ ቴሌክስ የምትልኪበት። የሳንቶሪኒን ዴስክ ስታቭሮስ ራሱ ደርቦ ይሠራው ነበር፤ መሥራት ከተባለ! ለመጣው ሁሉ «ቀዩ ቢች! ቀዩ ቢች!» ይላል። ከቀዩ ቢች አናት ላይ የአማቹ ፔንሲዮን፣ ትንሽ የእንግዳ ማረፊያ፣ ነበረች።

እኔ እንደዚያ ዴስክ የፈለግኩት ነገር የለም። አንሶላ የሌለበት፣ ሰው ስሜን ጠርቶ የሚጠይቀኝ ወንበር ነበር።

ስልክ ላይ ሆኜም የራሴን አሠራር ያዝኩ። ደንበኛ ሁሉ «ምርጡ ቢች የቱ ነው?» ብሎ ይጀምራል። የማን ምርጥ? እኔ መልሼ እጠይቃለሁ። «ከእንቅልፍዎ ስንት ሰዓት ይነሳሉ? እግርዎ እንዴት ነው? ሕፃን ይዛችኋል?» እስከ ቀትር የሚተኛ ሰው ጥቁሩ አሸዋ ላይ ቢሄድ እግሩ ይጠበሳል። ሕፃን የያዘ ሞኖሊቶስ ወደሚባለው ቢች ይሂድ፤ ውሃው ሩቅ ድረስ ከጉልበት አያልፍም። ከባሕር ወጥቶ ወዲያው ጥላ ሥር ዓሣ መብላት ለሚወድ ካማሪ አለለት። ወጣትና ሙዚቃ ወዳድ ከሆነ ፔሪሳ፤ ግን ሲገባ ከውሃው ሥር ያለው ድንጋይ እንዳያንሸራትተው። ስታቭሮስ በአጠገቤ ሲያልፍ «ቢች ነው የምትሸጪው ወይስ ሐኪም ነሽ?» እያለ ያሾፍብኛል።

አንድ በረዷማ የክረምት ጠዋት የስካርቦሮ ጡረተኞች የዋና ቡድን መሪ ደወሉ። ሚስስ ማርጋሬት ይባላሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን ዋና ያስተማሩ፣ ጠንካራ ሴትዮ። አርባ የሚሆኑ አዛውንቶችን ይዘው ሳንቶሪኒ ሊሄዱ አስበዋል። ስታቭሮስ ሲሰማ ዓይኑ በራ። «ይህን ቡድን ካመጣሽ ዴስኩ ያንቺ ነው» አለኝ በሁሉም ፊት።

በማግስቱ ሚስስ ማርጋሬት ደግመው ኮል አደረጉ። «ልጄ፣ እውነቱን ንገሪኝ። ጥቁሩ አሸዋ ለእኛ ዕድሜ ይሆናል? ሰው ሳይጎዳ ይዋኝበታል?» አሉኝ። እንዴታ! ደስ ብሎኝ ትንፋሼን ከሆዴ ሳብኩ።

«ምነው? እዚያ ምን ሆኗል?» አሉ ሴትዮዋ ድምፃቸው ተለውጦ። ያልሰሙኝ መስሎኝ አሁንም አጥብቄ ሳብኩላቸው። «ኦ ማይ ጋድ!» ብለው ዘጉት።

ከሰዓት በኋላ ለስታቭሮስ ደውለው ጉዞውን ካንስል አደረጉ። «ሠራተኛህ ስሙ ሲነሳ ወደምታቃስትበት ባሕር እኔ ሰው አልወስድም» አሉት። ጉድ ፈላ! ስታቭሮስ እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ መጣ። «ቡድኑ ካልተመለሰ ዴስክም የለ፣ ስልክም የለ፤ ወደ አንሶላሽ!» አለኝ። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ይባላል፤ እኔ ግን አንዲት ቃል ሳልተነፍስ ጠፋሁ።

ማታ የምኖርበት ክሬሰንት ታውን ገብቼ ለጎረቤቴ ለሐሊማ ነገርኳት። የድሬዳዋ ልጅ ናት፤ ስቃ ስቃ እንባዋን በሻሿ ጠረገች። «አቦ አንቺ! ፈረንጅ ትንፋሽ በስልክ ይሰማል እንዴ? ምጥ የያዛት ሴት መሰልሻቸው እኮ!» ከዚያ ፊቷን ኮስተር አደረገች። «ተነሺና ሂጂ። ፊትሽን ካዩት ይገባቸዋል።»

ሄድኩ። ቡድኑ የሚዋኝበት ገንዳ ድረስ። ስታቭሮስ ብቻዬን አላመነኝም፤ «አንቺ ዝም ትያለሽ፣ እኔ አወራለሁ» ብሎ ተከተለኝ። ጫማ ማውለቅ ግዴታ ስለነበር ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ፣ በካልሲው እርጥቡ ንጣፍ ላይ ቆመ። ሚስስ ማርጋሬት ፊሽካቸውን አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ቀና ብለው አዩን። ጭንቅላቶቹ ሁሉ ከውሃው ብቅ አሉ።

ስታቭሮስ አፉን ሳይከፍት እኔ ጀመርኩ። «ሚስስ ማርጋሬት፣ ያን ቀን አልደነገጥኩም። በአገሬ ‹አዎ› የሚባለው እንዲህ ነው» ብዬ ሳብኩ። ገንዳው በሳቅ ተናጋ። አንዲት ሴትዮ ልሞክረው ብለው ውሃ ትን አላቸው።

ሚስስ ማርጋሬት ግን አልሳቁም። እጃቸውን አጣመሩ። «እሺ፤ ጥቁሩ አሸዋስ?»

ሳብኩ። «ካማሪ። በጠዋት፣ የጎማ ጫማ አድርጋችሁ።»

«ጉልበታቸውን ለሚያማቸው?»

«ሞኖሊቶስ። እየተራመዱ ይገቡበታል።»

«ቀዩስ? ሚስተር ስታቭሮስ ከሁሉ አስቀድሞ የነገረኝ ስለ እሱ ነው።»

ስታቭሮስን አየሁት፤ በዓይኑ ይለምነኛል፣ በዓይኑ ያስፈራራኛል። የአማቹን ፔንሲዮን ያስባል፤ እኔም አውቃለሁ። «አዎ» ብል ቡድኑ እዚያው ይመለሳል፣ ዴስኩም የእኔ ነው። ቃል እንኳ አያስፈልገኝም፤ አንድ ትንፋሽ ብቻ ነው የቀረኝ። ግን ያን መውረጃ አውቀዋለሁ። ድንጋዩ ከእግር ሥር ይሸሻል፣ ከገደሉ ላይ ፍርስራሽ ይወርዳል፣ የዛፍ ጥላ የሚባል የለውም። ገንዳው ውስጥ ያሉትን ሽበታሞች አየኋቸው።

«እምጭ» አልኩ። ወዲያው በእንግሊዝኛ ደገምኩት፦ «ኖ። እናንተ እዚያ አትወርዱም። ከጀልባ ላይ ሆናችሁ እዩት፤ ፎቶም አንሱ።»

ስታቭሮስ በግሪክኛ የማልጽፈውን ነገር አጉረመረመ። እኔ አመድ ሆንኩ፤ በቃ፣ ሬክስዴል ታየኝ።

ሚስስ ማርጋሬት እጃቸውን ፈቱ። «ስንት የጉዞ ቢሮ ጠይቄያለሁ፤ ሁሉም ለሁሉም ‹የስ› ነው ያሉኝ። ቀዩንም ጭምር» አሉ። ወደ ገንዳው ዞረው ፊሽካቸውን ነፉ። «ከዚህች ልጅ ጋር የሚሄድ እጁን ያውጣ!»

እጁ ሁሉ ከውሃ ወጣ። እሰይ! እዚያው እልል ልል ነበር፤ ይሉኝታ ያዘኝ። አሁን ግን ይኸው በጽሑፍ እልል እላለሁ።

የቢሮው በር ላይ ስንደርስ ስታቭሮስ «አማቼ ይገድለኛል» አለ። ከዚያ ያን ሆዱን ይዞ መሳቅ ጀመረ፤ እርጥብ ካልሲውን እያሳየኝ ሳቀ።

በበጋው ሄዱ። ሲመለሱ ፊታቸው ቀይ ዳማ ሆኖ፣ ቢሮው እስኪጠብ ድረስ ሞሉት። ማንም አልወደቀ፣ የማንም እግር አልተቃጠለ። ሚስስ ማርጋሬት ባንኮኒውን አልፈው ቀጥ ብለው ወደ እኔ መጡና «የመጪው ዓመትስ የት ነው?» አሉኝ። ስታቭሮስ ይሰማል። ተነሣ፤ ከሳንቶሪኒ ዴስክ ላይ ኮቱንና ሲጋራውን አነሣ፣ የታይፕ መኪናዬን በራሱ እጅ ተሸክሞ አምጥቶ እዚያ ላይ አስቀመጠልኝ። ወንበሩንም ሳበልኝ። ለገባ ደንበኛ ሁሉ ደግሞ «እሷን ጠይቁ፤ የት እንደማትሄዱ ትነግራችኋለች» እያለ ይኮራብኝ ጀመር። አማቹ ያን ዓመት ሙሉ አኮረፈው።

እዚያ ወንበር ላይ ጡረታ እስክወጣ ተቀምጫለሁ። ብዙ ወጣት ሠራተኞችም አሠልጥኛለሁ። ለሁሉም የነገርኳቸው አንድ ነገር ነው፦ ደንበኛ ምርጡን ቢች ሲጠይቅህ፣ መጀመሪያ የማይሆነውን ንገረው። ከዚያ በኋላ የምትለውን ያምንሃል።