ዝናሬን የሸፈነው ቦርሳ

ጥቅምት ነበር፤ ከሮብ ገበያ ከተማ በላይ ባለው ደጋ ውርጩ ጠዋት ጠዋት እርሻውን የሚያነጣበት ጊዜ። የዱር አሳማ የአያ ስማቸውን ድንች ግማሹን ገልብጦ በልቶባቸው ነበር። ከቀበሌ ፈቃድ አውጥተን ወጣን፤ እሳቸው ጦር፣ እኔ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ አሮጌ ጠመንጃዬን ይዘን። አያ ስማቸው ጎረቤቴ ናቸው። አባቴ ከሞተ ወዲህ ማረስም ማደንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው።

በዚያው ሳምንት ከደብረ ማርቆስ አዲስ ቦርሳ ገዝቼ ነበር። እናንተ ወጣት አዳኞች አሁን ሱቅ ውስጥ እያገላበጣችሁ እንደምታደንቁት ያለ፤ ጀርባው ስፖንጅ፣ ማንገቻው ሰፊ፣ ወገብ ላይ የሚታሰር እንደ መዳፍ የሰፋ ቀበቶ ያለው። ውሃ፣ በሶ፣ ገመድና ቢላዋ ጨምሬበት ዳገቱን ስወጣ ምንም የተሸከምኩ አልመሰለኝም። ቀበቶውን ጥብቅ አድርጌ ዝናሬ ላይ አሰርኩት። አያ ስማቸው አዩኝና «ደሳለኝ፣ ጥይትህ የት ገባ?» አሉ።

«ከሥሩ አለ፣ የት ይሄዳል!» አልኩ። በቦርሳዬ ኮርቼ ነበር፤ አልዋሽም።

ዱካው አላስቸገረንም። የተገለበጠው አፈር ውርጭ ከለበሰ የማታ ነው፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ አሳማው ሩቅ አይደለም። ጥቁሩን አፈር ተከትለን ቀርከሃው ውስጥ ገባን። ነፋሱ ከፊታችን ስለሚነፍስ ሽታችን አልደረሰውም። በሃያ እርምጃ ላይ ጎኑን ሰጠኝ፤ ተኮስኩ። ወደቀ፣ ወዲያው ተነሣና በቀጥታ ወደ አያ ስማቸው ሮጠ። ጦራቸውን ሲያዞሩ ዘንጉ በቀርከሃ መሐል ተያዘባቸው፤ እግራቸውን አዳለጣቸውና ወደቁ።

እጄን ወደ ዝናሬ ሰደድኩ። ያገኘሁት የቦርሳውን ቀበቶ ስፖንጅ ነው። ቀበቶውን ልፈታ ብል ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው መቆለፊያውን መጫን አቃታቸው።

«ተኩስ እንጂ ልጄ!» ይላሉ፤ አሳማው ጭናቸውን በክራንቻው እየቀደደው ነው። በሕይወቴ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ጠመንጃውን በጉልበቶቼ መሐል ይዤ፣ ሆዴን ወደ ውስጥ ስቤ፣ ቀበቶውን በሁለት እጄ ወደ ደረቴ ገፋሁት። አንድ ጥይት መዝዤ አጎረስኩና ተጠግቼ ከጆሮው ሥር ተኮስኩ። እዚያው ቀረ።

ያንን ቀበቶ በቢላዋ ቆርጬ ጭናቸውን አሰርኩበት። ጎረቤቶቻችንን በስልክ ጠርቼ በቃሬዛ ጤና ጣቢያ አደረስናቸው። ሐኪሙ ቁስሉን ሲያይ «ጥሩ ታስሯል» አለ። አያ ስማቸው ፊታቸው አመድ መስሎ ተኝተው «ለማሰሩማ ማን ብሎት! መፍታቱ ነው ያቃተው» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔ ወጥቼ ከግድግዳው ኋላ አለቀስኩ።

ዛሬ ቦርሳ ስገዛ ባዶ ዝናሬን ታጥቄ ሱቅ እገባለሁ፤ ባለሱቁ ይሳቅ። ቦርሳውን ሞልቼ፣ አጥብቄ፣ ዓይኔን ጨፍኜ እጄን ወደ ዝናሩ እሰዳለሁ። ቆሜም፣ ተንበርክኬም። እጄ ጨርቅ ከነካ፣ ጀርባዬን የቱንም ያህል ቢመቸው አልገዛውም። እናንተም ከመክፈላችሁ በፊት እንዲሁ አድርጉ።

አያ ስማቸው ድነዋል፤ አንድ ቀን እንኳ ወቅሰውኝ አያውቁም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን አብረን ስንሄድ ቀኝ እግራቸውን ይጎትታሉ። «ቅደም እንጂ፣ ቅዳሴው እንዳያመልጥህ» ይሉኛል።

አልቀድማቸውም።