የጠበበው ኮሌታ

ልብስ ሰፊውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሰፈሩ ሁሉ «ዜመኛው» ይለዋል። ከገበያው መንገድ ዳር ያለችው ጠባብ ሱቅ በሯ ከተከፈተ ጀምሮ፣ በእግሩ የሚረግጠው የስፌት መኪና ምት ይሰጠዋል፣ እሱም በምቱ ላይ ግጥም ይጥላል። እጅጌ ሲተክል የማትቀርበት አንዲት ነበረች፤

ክሬ ሆይ አትበጠስ ጥቂት ነው የቀረኝ፣
ይህን ጠርዝ ሳልጨርስ ማንም አይናገረኝ።

ባለቤቱ ከጎኑ ቆማ የሰፋውን በካውያ ትተኩሳለች። «ማንም አይናገረኝ ይላል ደግሞ! ቁርስህን ብላ ስልህም ልትዘፍንብኝ ነው?» ትለዋለች። ይሣሣቃሉ። ኑሯቸው እንዲህ ነበር፤ ካውያው ሲተነፍስ፣ መኪናው ሲያንጎራጉር፣ የሁለት ሰው ዕድሜ በአንዲት መስኮት ብርሃን እየተሰፋ።

ነገሩ የጀመረው በኮሌታ ነው። አንድ ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ በግራ በኩል አነቀው። ልብስ ሰፊ አይደል፣ ጥፋቱን ከልብሱ ፈለገ። ቁልፉን ፈትቶ ትንሽ ወደ ዳር አዛወረው። ክረምቱ ወጥቶ እንደገና ሲያንቀው፣ እንደገና አዛወረው። «ውሃ ሲነካው የሚሰበሰብ ጨርቅ ሸጠልኝ» ብሎ ጨርቅ ነጋዴውን አማ። ከግራ መንጋጋው ሥር የወጣች አንዲት እብጠት ነበረች፤ አታምም፣ አትቆረቁርም፤ ዝም ብላ ታድጋለች። እሱ ግን አንገቱን ትቶ ሸሚዙን ያክም ነበር።

በመጨረሻ ባለቤቱ ሜትሯን አንሥታ አንገቱ ላይ ጠመጠመች። ጣቷ እብጠቱ ላይ ሲያርፍ ሜትሩን ለቀቀችው።

«ምነው? ጠበበ እንዴ?»

«ሸሚዙ ምንም አልሆነም፣ አንተ ሰውዬ። ተነሥ፣ ሐኪም ቤት ነው የምንሄደው።»

«የሙሽራው ሱሪ አላለቀም እኮ!»

«ሙሽራው ያለ ሱሪ ያግባ!»

ምርመራው የምራቅ እጢ ካንሰር ነው አለ። ዶክተሯ ልጃቸው ልትሆን የምትችል፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። እጢውን በአንገቱ ካሉት ፍሬ መሳይ ንፍፊቶች ጋር እንደምታወጣ፣ ንፍፊቶቹም በላቦራቶሪ እንደሚታዩ ቀስ ብላ አስረዳቻቸው።

«ዋናው እሱ ነው፣ አባባ» አለች። «በሽታው ወደ ንፍፊቶቹ ካልዘለቀ የመዳን ተስፋው ሰፊ ነው። ዘልቆ ከሆነ ግን ይከብደናል። የጨረር ሕክምናም ይጨመራል፣ ተስፋውም ይቀንሳል።»

«ጨርቅ ላይ ቀለም እንደፈሰሰ በይው» አለ ዜመኛው። «ከላይ ብቻ ከሆነ ይነሣል። ገበሩ ጋ ከደረሰ ግን...»

«ገበሩ ጋ ቢደርስም እጃችንን አጣጥፈን አንቀመጥም» አለችው።

ቀዶ ጥገናው በሰላም አለቀ። የከበደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፤ ውጤት መጠበቅ። አንገቱ በፋሻ እንደተጠቀለለ ሱቁ ተመልሶ ተቀመጠ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ የታችኛው ከንፈሩ በግራ በኩል ትንሽ ዘንበል ብላለች። መኪናውን ይረግጣል፣ ዜማ ግን የለም። ያ ባዶ ምት የባለቤቱን ልብ ይረግጠው ጀመር።

«እስቲ ክሬ ሆይ በል» አለችው።

«ከንፈሬ እምቢ አለኝ።»

ከንፈሩ እንዳልሆነ ሁለቱም ያውቃሉ። ያችን የመጀመሪያ ስንኝ ማውጣት ነው ያቃተው። እሷም ደግማ አልጠየቀችውም፤ ካውያዋን አንሥታ ቀድሞ የተተኮሰውን ልብስ እንደገና ተኮሰች።

ውጤቱ በሚነገርበት ቀን ዶክተሯ ወረቀት ይዛ ገባች። ፊቷን ማየት ፈራ። ዓይኑን ነጭ ጋውኗ ላይ ተከለ፤ ከደረቷ በታች ያለችው ቁልፍ በአንዲት ክር ተንጠልጥላለች። ካልወደቀች እድናለሁ፣ አለ በልቡ፣ እንደ ሕፃን።

«አባባ፣ ንፍፊቶቹ ንጹሕ ናቸው። በሽታው አንዱም ውስጥ አልገባም። እጢውም ከነዳር ዳሩ ወጥቷል።»

ባለቤቱ ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች።

«ገበሩ ጋ አልደረሰም ማለት ነው?» አለ።

«አልደረሰም። ጨረርም አያስፈልግዎትም። ግን ለዓመታት እየመጡ ይታዩኛል፤ እንዳይጠፉብኝ!»

ዓይኑን ወደ ተንጠለጠለችው ቁልፍ መለሰ። «ልጄ» አለ፣ «ያቺ ቁልፍሽ ልትወድቅ ነው። አምጪው፣ ላጥብቅልሽ።»

ዶክተሯ ሣቀች። ባለቤቱ ሣቅና ልቅሶ እየተናነቃት «አይ አንተ! እንኳን ደስ አለህ ስትባልም ሥራ ትፈልጋለህ!» አለችው።

ሱቅ እንደደረሱ ያንን ሸሚዝ አወጣ። የድሮዋ የቁልፍ ቦታ በመርፌ ቀዳዳዎቿ ትታወቃለች። ቁልፏን ፈትቶ እዚያው መለሳት። ሸሚዙን ሲለብስ ባለቤቱ ቆለፈችለት። እጢው ከወጣበት በኩል ግን ሥጋው ጎድጉዶ ነበርና ኮሌታው ከአንገቱ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ሁለት ጣት ያስገባል።

«አሁን ደግሞ ሰፋ» አለች። «ላጥብበው?»

«ተይው» አላት። «ይንፈስበት።»

መኪናው ላይ ተቀምጦ እግሩን ጫነ። ምቱ ተነሣ። ትንሽ ቆይቶ፣ ዘንበል ባለችው ከንፈር ቃላቱ እየተንሸራተቱ፣ «ክሬ ሆይ...» የምትል ድምፅ እስከ መንገዱ ወጣች። ባለቤቱ ካውያዋን አስቀምጣ እስከ መጨረሻው አዳመጠችው። ማንም አይናገረኝ ሲል ግን አላስቻላትም።

«ቁርስህን ብላ!» አለችው።