የሙዚቀኞቹ ሰገነትና ጉልላቱ

በመጀመሪያው ቀን መናፈሻው ውስጥ የቆምነው አምስት ነበርን፤ የከተማው ሹም ግራዝማች አበራ፣ ዋናው አናጢ ጋሽ ተክሌ፣ ግንበኛው አያ ሽፈራው፣ በዚያ ሲያልፉ ቆም ያሉት አባ ወልደ ሰንበትና እኔ ሰይፉ። ሞላሌ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት ገና የሚቆጠርበት ጊዜ ነበር።

ግራዝማች በከዘራቸው መሬት ላይ ክብ ሠሩ፤ ዙሪያውን ስምንት ቦታ ወጋ ወጋ አደረጉ። "እነዚህ ምሰሶዎች ናቸው። ግድግዳ የለውም። ለእንቁጣጣሽ ከደብረ ብርሃን ሙዚቀኞች ይመጣሉ፤ እዚህ ላይ ቆመው ይጫወታሉ" አሉ።

"ግድግዳ ከሌለው ብርዱን ምን ሊያደርጉት ነው?" ሲሉ አባ ጠየቁ።

"ጥሩምባውን ሲነፉ ይሞቃቸዋል" አለ አያ ሽፈራው።

አናጢነትን አስቀምጦ ያስተማረኝ ሰው የለም። የቤተ ክርስቲያን ጣራ ሲታደስ ቆሜ እያየሁ፣ ቤቴ ገብቼ በአገዳ እየሠራሁ ነው የለመድኩት። ጋሽ ተክሌ ጉልበታቸውን ስለሚያማቸው ምሰሶዎቹን አቁመው ጣራውን ለእኔ ተዉልኝ። የመጀመሪያ ጣራዬ ነበር። እያንዳንዱን ምሰሶ በቱንቢ አየሁ፤ እያንዳንዱን ወራጅ ሁለት ሁለት ጊዜ ለካሁ። ጋሽ ተክሌ ከታች ሆነው "ሚስማሩንም ለካው እንጂ፤ ቅር እንዳይለው" ይሉኝ ነበር።

ችግሩ ጫፉ ላይ መጣ። ስምንቱ የቆርቆሮ ክንፎች ሲገናኙ እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ ቀረ። ክብ ጣራ ጫፉ የሚዘጋበት የማውቀው ነገር አንድ ነው፤ ጉልላት። ከጽድ ጠረብኩ፣ በመላጊያ አለሰለስኩ፣ ከሥሩ የቆርቆሮ ቀሚስ አልብሼ ሰካሁት። መስቀል አላደረግሁበትም።

እንቁጣጣሽ ሁለት ቀን ሲቀረው ገበያ ነበር። በመንገዱ የሚያልፉ ሴቶች ሸክማቸውን እያወረዱ ሰገነቱን ተሳለሙ። አንዲት አሮጊት ምሰሶዬን ሳሙት። አያ ሽፈራው ጠጋ ብሎ "ታቦቱ መቼ ይገባል?" አለኝ።

ከሰዓት በኋላ ሙዚቀኞቹ በጭነት መኪና ደረሱ። ለልምምድ ሲመጡ ከበሮ መቺው ደረጃው ሥር ጫማውን አወለቀ። ወደ ላይ አየና መልሶ አጠለቀው። "እኔ እዚህ ላይ ለዘፈን አልመታም" ብሎ ሄደ።

ግራዝማች ጠሩኝ። "ሰይፉ፣ ሰገነት አዘዝኩህ፤ ደብር ሠራህልኝ። እስከ ነገ የሚዘፈንበት ካላደረግኸው ጣራውን አፍርሰህ ታወርዳለህ። ከዚያ ወዲያ ከእኔ ዘንድ ሥራ የለህም።"

አባን ለመንኳቸው። መጥተው ሦስት ጊዜ ዞሩት። "ያልተባረከ ቤት ነው፤ ቢዘፈንበት ነውር የለውም" አሉ። "ግን ልጄ፣ እኔም ትናንት ከሩቅ ሳየው አማትቤያለሁ።"

"ምን ላድርገው አባቴ?"

"ቆቡን አውልቅለት።"

አወለቅሁት። ሰማዩ ግን ጠቁሯል፤ ቀዳዳው ደግሞ ልክ ከበሮው ከሚቆምበት ቦታ በላይ ነው። ከአጥሩ ማዶ ጠላ የሚሸጡት እትዬ አስካለ ልብስ አጥበው ሳፋቸውን ደፍተውታል። ሄጄ ለካሁት፤ ልክ ነው።

"የምን ልክ?" አሉኝ።

"የጣራው።"

"ታዲያ እኔ ጣራ ላይ ወጥቼ ላጥብ?"

"ዝናቡ ሲያልፍ እመልሳለሁ፣ እትዬ።"

ሳፋውን ጫፉ ላይ ደፍቼ ጠርዙን በሽቦ ከወራጆቹ ጋር አሰርኩት።

በበዓሉ ዕለት ሙዚቃው እንደተጀመረ ዝናቡ ወረደ። ከበሮው ላይ ጠብ አላለም፤ መቺውም ጫማውን እንዳጠለቀ መታው። ምሰሶዬን የሳሙት አሮጊት ሊሳለሙ ጎንበስ ካሉ በኋላ ቀና ሲሉ ሳፋውን አዩ። "ኧረ እዚህ ማን ነው የሚታጠበው?" ብለው ቆመው አዳመጡ። ግራዝማች ወደ እኔ ዞረው "በል፣ የሚቀጥለውም ጣራ ያንተ ነው፤ ሳፋውን ግን ከቤትህ አምጣ" አሉኝ።

ጉልላቱን አባ ወሰዱት፤ ቀየት ከሚባል ቦታ አጠገብ ላለች ጣራዋ ላረጀ ቤተ ክርስቲያን፤ ልኳ ሆነ። ሳፋው እስካሁን እዚያው ነው። እትዬ አስካለ ባዩኝ ቁጥር ዝናቡ አልፎ እንደሆነ ይጠይቁኛል።

ከዚያ ወዲህ የጣራ ጫፍ ከመዝጋቴ በፊት ከመሰላሉ ወርጄ፣ በገበያው መንገድ ርቄ ሄጄ፣ ዞሬ አየዋለሁ። ጣራ የሚሠራው ከላይ፣ የሚታየው ከታች ነው።

ሙዚቀኞቹን እኔ ስድስት ብዬ ይዣለሁ፤ ጋሽ ተክሌ ሰባት ናቸው ይላሉ። ሽቦውን ያቀበለኝ ማን እንደነበረም ጠፍቶኛል። እዚያ የነበራችሁ አስታውሱኝ።