የእማማ ኦሪንታ ዓሣ

ኤልካና ቦውሌግ ዓሣ የሚያይ ሰው ነው። ይህን ስል ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። በአንድሮስ ደሴት ምዕራብ፣ ባሕሩ ከጉልበት በማያልፍበት በዚያ ነጭ ሜዳ ላይ፣ አጥንታሙ ዓሣ ሲመጣ አካል ያለው አይመስልም። ጀርባው አሸዋ፣ ጎኑ መስታወት ነው፤ የሚታየው ጥላው ብቻ ነው፣ እሱም ለሚያውቅበት። ኤልካና ከጀልባው ኋላ ቆሞ ረጅሙን መግፊያ እንጨት አሸዋው ላይ እየተከለ፣ "ፊት ለፊት፣ ትንሽ ወደ ግራ፣ ወርውር!" ይላል። ከፊቱ የቆመው፣ ለማጥመድ ከፍሎ የመጣው እንግዳ ባዶ ውሃ ላይ ያፈጣል።

"የታል?"

"አንተ ወርውር፣ የታልን ለእኔ ተውልኝ!"

እንግዳው በላባና በክር የተሠራችውን መንጠቆ ይወረውራል። ከዚያ ባዶ ውሃ ውስጥ አንድ ነገር ተነሥቶ ክሩን እያፏጨ ይዞት ይነጉዳል። ሰውየውም እንደ ሕፃን ይጮኻል። ዓሣው ደክሞ ሲቀርብ ኤልካና ወርዶ በእርጥብ እጁ ይይዘዋል፣ መንጠቆውን ይነቅልለታል፣ እስኪበረታ ውሃ ውስጥ ደግፎ ያቆየውና ይለቀዋል። እንደ እሱ እንግዳ እየመሩ ዓሣ የሚያስይዙት መሪዎች ሁሉ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ተማምለውበታል። ዓሣው ካለቀ እንግዳ የለም፣ እንግዳ ከሌለ እንጀራ የለም።

መሐላው ላይ ከኤልካና የባሰ አክራሪ አልነበረም። አንድ ጊዜ ላምበርት የሚባለው መሪ አንድ አጥንታም ዓሣ ሸሽጎ ወደ ቤቱ ሲወስድ ተያዘ። ኤልካና በስብሰባው መሀል ተነሥቶ፣ "ያንተ ሆድ ከመንደሩ እንጀራ ይበልጣል?" ብሎ አዋረደው። ላምበርት "ለአማቴ ነው፣ ታማለች" ቢል ማን ይስማው! ወቅቱን ሙሉ ያለ እንግዳ ተቀመጠ። ከስብሰባው ሲወጣም ኤልካናን ቁልቁል አይቶ፣ "ግዴለም፣ አንድ ቀን ያንተንም ድስት ከፍተን እናያለን" አለው። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ ኤልካና ግን ያን ቀን አፉ ወለም ያለው አልመሰለውም፤ ደረቱን ነፍቶ ነው የወጣው።

እንግዲህ እናቱ እማማ ኦሪንታ ዓይኗ ከጠፋ በኋላ ከቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ባሕሩን ታደምጥ ነበር። በመጨረሻው ዓመቷ ምግብ እንቢ አላት። ልጇ ቬርኒስ ሩዝ በአተር ብትሠራ፣ ጆኒኬክ የሚሉትን ቂጣ ብትጋግር፣ ሁለት ጉርሻ ቀምሳ ትገፋዋለች። አንድ ቀን ጠዋት ግን ኤልካናን ጠራችው።

"አጥንታም ዓሣ አማረኝ።"

"ስናፐር ላምጣልሽ ማማ?"

"ስናፐር አልኩህ?"

"ግሩፐርስ? ትልቅ..."

"አንተ ልጅ፣ ጆሮህ አሸዋ ገባበት እንዴ? አጥንታም ዓሣ! ሆዱ ውስጥ ሽንኩርትና ቃሪያ ተሞልቶ፣ ሎሚ ተጨምቆበት፣ በምድጃ የተጋገረ። አንተን ያሳደግኩህ በምን ይመስልሃል?"

እውነቷን ነው። የእንግዶቹ ማረፊያ ሳይሠራ በፊት መንደሩ የሚበላው እሱን ነበር። ሥጋው በመርፌ በመሰሉ አጥንቶች የተሞላ ነው፤ ሳይጋገር ራሱንና ጭራውን ይዘው ጀርባውን ቋ! ያደርጉታል፣ አጥንቱ እንዲለቅ። ያም ሆኖ የሚበላው ቀስ ተብሎ ነው፤ ምላስ ይፈልጋል፣ ጣት ከከንፈር ይቀበላል፣ የሳህኑ ጠርዝ ላይ ያስቀምጣል። የደሴቱ አሮጊቶች ወሬያቸውን ሳያቋርጡ ነው እንዲህ የሚበሉት።

ኤልካና "እሺ ማማ" አለ። እሺ ማለት ምን ይከብዳል! መጀመሪያ ነፋሱ ይለፍ አለ። ነፋሱ ሲያልፍ እንግዶቹ ይሂዱ አለ። እነዚያ ሲሄዱ ሌሎች መጡ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሰበቡ ነፋሱም እንግዳውም አልነበረም። የላምበርት ቤት ከጀልባ ማቆሚያው አጠገብ ነው፤ ዓሣ ይዞ የሚያልፍ ሁሉ በደጁ ያልፋል። ኤልካና ያንን አጥንታም ዓሣ በእጁ ይዞ በዚያ ደጅ ሲያልፍ በሐሳቡ ይታየውና ፊቱ ይግላል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ያለ ሰው እናቱም አትመልሰውም።

ቬርኒስ አንድ ቀን ከመንገድ ላይ ይዛ አፋጠጠችው። "የጠየቀችህ አንድ ዓሣ ነው! ባሕሩን አምጣልኝ አላለችህም።"

"ዛሬ ነገ እያልኩ እኮ..."

"እሷ ነገ የላትም፣ ኤልካና።"

ይሄ ከአንጀቱ ገባ። በማግስቱም ወደ ነጩ ሜዳ ሲወጣ ቆርጦ ነበር፣ እውነት ቆርጦ ነበር። አጥንታሞቹም መጡ፤ እንግዳው አንድ ትልቅ ያዘ። ኤልካና ዓሣውን በሁለት እጁ ይዞ ውሃው ውስጥ ቆየ፣ ቆየ፣ ከዚያ እጁን ከፈተ። ዓሣው ሄደ። "ቆንጆ ነበር" አለ እንግዳው። "ቆንጆ ነበር" አለ ኤልካና።

ከሰዓት በኋላ ያው እንግዳ ሌላ ላባ አስሮ አንድ ለጋ ባራኩዳ ያዘ። ባራኩዳ ከኮራሉ በኩል ከመጣ መርዝ ሊኖረው ይችላል፣ የነጩን ሜዳ ለጋ ባራኩዳ ግን መንደሩ ያለ ፍርሃት ይበላዋል፤ በላምበርት ደጅም ይዘህ ብታልፍ ማንም ቀና ብሎ አያይህም። ያ ክፉ ሐሳብ የመጣለት ያኔ ነው። ዓይኗ አያይ፣ በቃሪያና በሎሚ ከታሸ ማን ይለየዋል? አጥንቱ እንዳያጋልጠው ብቻ ፈራ፤ የባራኩዳ አጥንት ወፍራም ነው። ስለዚህ ቬርኒስ ከገበያ እስክትመለስ ድረስ ማዕድ ቤት ቁጭ ብሎ አንድ በአንድ ለቅሞ አወጣው። እንዲህ ደክሞ ለእናቱ ምግብ ሠርቶ አያውቅም።

"መጣልሽ ማማ።"

ፊቷ በራ። "ጀርባውን ሰብረኸዋል? ሲሰበር አልሰማሁም።"

"ባሕሩ ዳር ሰብሬው ነው የመጣሁት።"

ቬርኒስ ዘንቢሏን ይዛ የገባችው እናቷ ሳህኑን ጭኗ ላይ ስታስቀምጥ ነው። እማማ ኦሪንታ በጣቷ ቆርሳ ጎረሰች። አላመጠች። ድንገት ማላመጧን አቆመች። እንደገና ማላመጥ ጀመረች፤ ሁለት ጣቷን ወደ ከንፈሯ አድርሳ አንድ ነገር አወጣችና የሳህኑ ጠርዝ ላይ አኖረች። ጎረሰች፣ ደግሞ አወጣች፣ ደግሞ አኖረች። 'እሰይ! ያመለጠኝ አጥንት ነበር፤ ጎሽ፣ እንኳንም አመለጠኝ' ብሎ ኤልካና ተነፈሰ። ደስ ብሎት ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

"እንዴት ነው ማማ?"

"እጅህ ይባረክ። አባትህም እንዲህ አላበላኝ።"

ሁሉንም ጨረሰችው። ከዚያ በኋላ ብዙ አልቆየችም።

ከቀብር መልስ መንደሩ በሙሉ እቤታቸው ተሰብስቦ ሲበላ፣ ኤልካና ምን እንደነካው እንጃ፣ ተነሥቶ ተናገረ። "መሐላችንን አፍርሻለሁ" አለ እንባው እየወረደ። "እናቴ አጥንታም ዓሣ ብትለኝ ይዤ ገድዬ አበላኋት። ፍረዱብኝ።"

መጀመሪያ የተነሣው ላምበርት ነበር። ኤልካና ደነገጠ፤ ላምበርት ግን መጥቶ አቀፈው። "ለእናት ሲሆን ማን ይፈርዳል ወንድሜ? ያኔውኑ ብትነግረኝ እኔው ራሴ ይዤላት እመጣ ነበር። እማማ ኦሪንታ እኮ ናት!" መሪዎቹም እዚያው ተስማሙ፤ ከእንግዲህ ላረጀና ለታመመ ሰው አንድ ዓሣ ነውር አይደለም ተባለ። ሁሉም ኤልካናን እየጨበጡ አመሰገኑት።

ቬርኒስ ክንዱን ይዛ ማዕድ ቤት አስገባችውና በሩን ዘጋች።

"ያን ቀን ሳህኑን ያጠብኩት እኔ ነኝ። ጠርዙ ላይ ምንም አልነበረም።"

"እንዴት ምንም? በጣቷ ስታወጣ አይቻታለሁ እኮ!"

"እኔም አይቻታለሁ። ባዶ እጇን ነበር የምታነሣውና የምታስቀምጠው። ጠየቅኳት። 'ባራኩዳ ነው' አለችኝ። 'ልጄ አጥንቱን ሁሉ ለቅሞልኛል፣ እንዴት እንደደከመበት! ማወቄን ካወቀ ያፍራል፤ ዝም በይ' አለችኝ።"

ኤልካና ግድግዳውን ተደገፈ። "ታዲያ ለምን ነገርሽኝ? ዝም በይ ካለችሽ!"

"ዝም ብዬ ነበር። ልሞትም ነበር ዝም ብዬ። በእሷ ረሃብ ስትሞገስበት ግን አቃተኝ።" ቬርኒስ አለቀሰች። "ዓሣው በደጅህ ነበረ እኮ ኤልካና። ባሕሩ ሙሉ ነበረ።"

ወጥቶ እውነቱን ሊናገር በሩን ከፈተ። ሰዉ ሁሉ ፊቱን በፍቅር አዞረለት። ምላሱ ተሳሰረ። ዛሬም እንደታሰረ ነው።

ከዚያ ወዲህ በመንደሩ አንድ አሮጊት አጥንታም ዓሣ አማረኝ ካለች ነፋስ ቢሆን፣ እንግዳ ቢኖር፣ ኤልካና ወዲያው ይሄዳል። እዚያው ፊቷ ቆሞ ጀርባውን ይሰብርላታል፣ ድምፁን እንድትሰማ። ባለፈው ሰሞን ተራው የላምበርት አማት ነበር። ሳህኑን ስትቀበለው እጁን ይዛ፣ "እናትህን እንዳበላሃት አበላኸኝ፤ እግዜር ይስጥህ ልጄ" አለችው።

"አሜን" አለና፣ ገና የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳትጎርስ ወጥቶ ሄደ።