አራተኛዋ ሳተላይት

ራዲዮ መጠገን ያስተማረኝ ሰው የለም። እየፈታሁ፣ የፈታሁትንም እያበላሸሁ ለመድኩ። ከመካነ ብርሃን ድረስ የሚመጡ ገበሬዎች «አያ፣ ይኸ ነገር ምነው ዝም አለ?» ሲሉኝ መድኃኒቴ ብዙ ጊዜ አንድ ነበር፤ ረጅም የመዳብ ሽቦ ከባሕር ዛፍ ጫፍ መዘርጋት። ሽቦው ሲረዝም ድምፁ ይመጣል። ይህ እውቀት ሃያ ዓመት አላሳፈረኝም።

ትልቋ ልጄ ዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ስትደርስ የመመረቂያ ሥራዋን ይዛ ጎንደር፣ ቀሐ ሰፈር ወዳለው ቤታችን መጣች። ከሳተላይት የሚመጣ ምልክት ተቀብሎ ያለንበትን ቦታ የሚናገር መሣሪያ ነው አለችኝ። ጠረጴዛው ላይ ያየሁት ግን ላፕቶፕ፣ ጣት የምታህል የቴሌቪዥን መቀበያና ክብሪት የሚያህል ጥቁር አንቴና ነው።

«መሣሪያው የታል?»

«ፕሮግራም ነው አባባ። ሌላው በዕቃ የሚሠራውን ይኸ በስሌት ይሠራዋል።»

«የማይፈታ ዕቃ አላምንም።»

«እስቲ እርስዎ የማይፈቱት አንድ ነገር እንኳ ይኑረኝ!» ብላ ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም።

ቦታን ለማወቅ አራት ሳተላይት ያስፈልጋል። በመስኮታችን በኩል ግን የቆርቆሮው ጣሪያና ኮረብታው ሰማዩን ስለሚጋርዱት ሦስት ብቻ ይያዛሉ። «ግድ የለም፣ ሜዳ ላይ አራቱም ይገኛሉ» ብላኝ ነበር። አልሰማኋትም። ሥራዋን ፈታኞች ፊት የምታቀርብበት ዲፌንስ ማክሰኞ ነው፤ ከወደቀች ከጓደኞቿ ጋር አትመረቅም። ሰኞ ጠዋት ወረቀቷን ልታሳትም ስትወጣ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጥኩ። የሚጠብቅ ብሎን የለ፣ የተቃጠለ ነገር አይሸት። ፊደል ያልቆጠርኩ መሰለኝ። በመጨረሻ የማውቀውን አደረግሁ፤ የአንቴናውን ገመድ ቆርጬ ግቢው ውስጥ ከዘረጋሁት ሽቦ ጋር በየድኩት።

ስትመለስ በሩ ላይ ቀረች።

«አባባ፣ ምነው ቆረጡት?»

«አራተኛዋ ትምጣልሽ ብዬ።»

«አንቴናው ሽቦ ብቻ እኮ አይደለም። ውስጡ ማጉያ አለው፤ ኃይል የሚያገኘውም በዚያው ገመድ ነው።»

መልሼ በየድኩት። አልሠራም። የቱን እንዳቃጠልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። እንዲህ ያለ አንቴና ጎንደር አይገኝም፤ ከአዲስ አበባ ለማስመጣት ወር ፈጅቶባታል። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ማክሰኞ ዩኒቨርሲቲው ፈተና ክፍል ገብቼ ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ። ቀደም ሲል ከከተማው ወጣ ብላ ጠዳ ሜዳ ላይ የቀዳችውን ምልክት ከላፕቶፑ ከፈተች። ፕሮግራሙ አስልቶ ካርታው ላይ ነጥብ አስቀመጠ።

«እኛ ጎንደር ተቀምጠን መሣሪያሽ ጠዳ ናችሁ ይለናል?» አለ አንዱ ፈታኝ። ክፍሉ ሳቀ።

«የተቀዳ ነው። ምልክቱን ቀድቶ በኋላ ማስላት ይቻላል፤ የፕሮግራም ጥቅሙ ይኸ ነው።»

«በቀጥታ ለምን አላሳየሽንም?»

«አንቴናው ተበላሽቶ።»

«ማን አበላሸው?»

ልነሳ የወንበሩን ጠርዝ ያዝኩ።

«እኔ» አለች። «ልጠግን ብዬ።»

በልጅነቷ ስለ ውሸት በአርጩሜ የገረፍኳት እኔ ቁጭ እንዳልኩ ቀረሁ። በተማሩ ሰዎች ፊት ደንቆሮ መባልን ፈርቼ ነው። አለፈች፤ ግን ለዕቃ አልተጠነቀቅሽም ብለው ነጥብ ቀነሱባት።

ስንወጣ «ነገ ሄጄ እውነቱን እነግራቸዋለሁ» አልኳት።

«ያን ጊዜ ውሸታሟ እኔ ነኛ፣ አባባ።»

አልሄድኩም። ሽቦው ግቢው ውስጥ እንደተዘረጋ ቀረ። ልብስ ይሰጣበታል።